የድሮ ስቴልዝ ጌሞችን በምን እንጫወት? ፕሌይስቴሽን 2፣ ፕሌይስቴሽን 3፣ ያገለገለ ላፕቶፕና ስልክ ሲነጻጸሩ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ገብቶ «ጌም መጫወቻ ፈልጌ ነበር» ለሚል ሰው ሻጩ የሚያወጣለት ኳስ የሚያጫውተውን ነው። ሁለት ጆይስቲክ፣ ሰፊ ቲቪ፣ የቅርብ ዓመት የኳስ ጌም፤ በቃ። ለኳስ ምክሩ ልክ ነው። ኮቴ እያዳመጡ፣ ግድግዳ እየታከኩ፣ ከጠባቂ ዓይን ተሰውረው ለሚያልፉበት ጌም፣ ማለትም ለስቴልዝ ጌም፣ ግን ያው ምክር ገንዘብ ያስባክናል። በ1998 የወጡት ሜታል ጊር ሶሊድ፣ ቴንቹ፣ ቲፍና ኮማንዶስ፣ ከእነሱ በኋላ እስከ 2006 የመጡት ስፕሊንተር ሴልና ሂትማን ጉልበተኛ ማሽን አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጥርት ያለ ድምፅ፣ ቀስ ሲሉት ቀስ የሚል ጆይስቲክ፣ ጥላን ከጨለማ የሚለይ ስክሪን ነው።

ዋጋ በብር አልጻፍንም፤ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍነው ነገ አይሠራም። አማራጮቹ እርስ በርስ ያላቸውን ደረጃ ብቻ አስቀምጠናል።

መለኪያዎቹ

ከሁሉ በፊት የትኛውን ጌም መጫወት እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ ማሽኑን የሚመርጥልዎት እሱ ነው። ቲፍ 1 እና 2 የኮምፒውተር ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ቴንቹ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 2ም 3ም ያነበዋል። በ2008 የወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ 4 ፕሌይስቴሽን 3 ይፈልጋል። የመጀመሪያው ኮማንዶስ ያለ ማውስ አይታሰብም።

ቀጥሎ ድምፅ። ቲፍ ውስጥ ሴራሚክና ብረት ላይ ሲራመዱ ኮቴዎ ያስተጋባል፤ ምንጣፍና ሳር ላይ ይጠፋል። ጠባቂው ከበሩ በስተጀርባ በግራ ይሁን በቀኝ የሚያውቁት በጆሮ ብቻ ነው። በ2005ቱ ስፕሊንተር ሴል ኬዎስ ቲዮሪ ደግሞ የአካባቢው ጫጫታ ምን ያህል እንደሆነና የእርስዎ ድምፅ ከእሱ በታች መሆኑን የሚያሳይ መለኪያ አለ፤ ጀነሬተር አጠገብ መሮጥ ይቻላል፣ ጸጥ ያለ ኮሪደር ላይ አይቻልም። የቲቪ ስፒከር ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይደባልቀዋል። ስለዚህ ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ በፊት ባለ ገመድ ሄድፎን ይግዙ። ብሉቱዙን ይተዉት፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ኮቴውን ሲሰሙት ጠባቂው ማዕዘኑን ዞሯል። ፕሌይስቴሽን 2 የሄድፎን ቀዳዳ የለውም፤ ከቲቪው ጀርባ ወይም ጎን ካለው ቀዳዳ በ3 ሜትር ማራዘሚያ ይስባሉ። ቲቪውን ሲገዙ ይህ ቀዳዳ መኖሩን ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ስስ ቲቪ ጭራሽ የለውም።

ሦስተኛው የእጅ ስሜት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ኦሪጅናል ጆይስቲክ፣ ማለትም ዱዋልሾክ 2፣ ቁልፉ በምን ያህል ኃይል እንደተጫነ ይለካል። በሜታል ጊር ሶሊድ 2 (2001) እና 3 (2004) ስኩዌርን (ባለ አራት ማዕዘን ምልክቱን ቁልፍ) ሲጫኑ ሽጉጡ ይነሳል፤ ቶሎ ሲለቁት ይተኩሳል፤ ቀስ ብለው ሲለቁት ሳይተኩስ ይወርዳል። 3ኛው ላይ ጠባቂውን ከኋላ በሰርክል አንቀው ለስለስ አድርገው ከያዙት ታግቶ ይቆያል፤ ጠበቅ ካደረጉት ጉሮሮው ይታረዳል። በርካሽ የሚሸጠው ቅጂ ጆይስቲክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ልኬት የለውም፤ ለእሱ ቁልፉ ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም። መረጃ ሊያወጣጡት ያነቁት ጠባቂ ሁሉ እጅዎ ላይ ይሞታል፤ ሽጉጥ ሊያወርዱ ባሰቡ ቁጥር ጥይት ይወጣል፣ ካምፑ በሙሉ ይነሳል። ቅጂው ጆይስቲክ ላይ ያለው ማምለጫ ስኩዌርን ሳይለቁ አር 2ን ነካ አድርጎ መሣሪያውን መመለስ ነው።

ጽሑፉና አርማው ስለሚቀዳ ኦሪጅናሉን በዓይን መለየት ያስቸግራል። በጌሙ ይፈትኑት፤ ሽጉጥ ያንሱ፣ ስኩዌርን ሦስት አራት ጊዜ በጣም ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሁሌም ከተኮሰ ጆይስቲኩ ቅጂ ነው ወይም ውስጡ አልቋል። በአውራ ጣት የሚዘነበለውን አናሎግም እንዲሁ፤ ሳይነኩት ገጸ ባሕርዩ በራሱ የሚራመድ ከሆነ አይግዙት። ኳስ ላይ ይህ ችግር ላይታወቅ ይችላል፤ ሣጥን ሥር ተደብቀው ሳለ ግን ያጋልጥዎታል።

አራተኛው ስክሪን፣ አምስተኛው መብራት ሲሄድ የሚሆነው ነገር፣ ስድስተኛው ደግሞ ጠጋኝና መለዋወጫ መገኘቱ ነው። እነዚህን በየአማራጩ እናያቸዋለን።

ፕሌይስቴሽን 2

ከኮንሶሎቹ በዋጋ ትንሹ ነው፤ የጌሙ ብዛትም ያስደስታል። ሜታል ጊር ሶሊድ 2 እና 3፣ ስፕሊንተር ሴል፣ ሂትማን፣ ስላይ ኩፐር እንዲሁም የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲዎች ሁሉ እዚህ አሉ።

መጀመሪያ ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ብቻ የሚል ሊሆን ይችላል፤ የእኛ መስመር 220 ነው። በቀጥታ ከሰኩት ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ፣ ቢያንስ 100 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ካልጨመሩበት አይነካም፤ የትራንስፎርመሩ ዋጋ ሲደመር ደግሞ ርካሽነቱ ይጠፋል። አብዛኛው ቀጭን ሞዴል አዳፕተሩ ውጭ ስለሆነ ጽሑፉን አዳፕተሩ ላይ ይፈልጉ (የመጨረሻው የ90000 ተከታታይ ግን ውስጡ ነው)፤ ኦሪጅናሉ 8.5 ቮልት ነው የሚያወጣው፣ በሌላ ቮልት አዳፕተር ተተክቶ ከሆነ ይለፉት።

ሁለተኛው ሌዘር ነው። ሲዲና ዲቪዲ ለየብቻ ስለሚነበቡ አንዱን እያነበበ ሌላውን እምቢ የሚል ማሽን ሞልቷል። አንድ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲና አንድ ዲቪዲ ያስሞክሩ፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሥራ፤ የደከመ ሌዘር የሚያነክሰው ሲሞቅ ነው። ሻጩ ቢቸኩል «ወንድሜ፣ ቡና ጠጥቼ እስክመለስ ክፍት ይቆይልኝ» ማለት ነውር የለበትም።

ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚሠራ ስህተት ደግሞ አለ። የፕሌይስቴሽን 2 ባለ 8 ሜጋ ካርድ የፕሌይስቴሽን 1ን ጌም በቀጥታ አይመዘግብም። ቴንቹን ወይም የመጀመሪያውን ሜታል ጊር ሶሊድ ለመጫወት የፕሌይስቴሽን 1 ካርድ ለብቻው ይግዙ፤ አለበለዚያ በየቀኑ ከዜሮ ይጀምራሉ።

የጆይስቲክ መሰኪያዎቹን ሁለቱንም ይሞክሩ። ብቻውን የሚጫወት ሰው ሁለተኛው ምን ያደርግልኛል ሊል ይችላል፤ ሜታል ጊር ሶሊድ ውስጥ ግን ሳይኮ ማንቲስ የሚባለው ባላጋራ እንቅስቃሴዎን ሁሉ ቀድሞ ያነባል፤ መላው ጆይስቲኩን ነቅሎ ሁለተኛው መሰኪያ ላይ መሰካት ነው። እዚያው ጌም ላይ «ቁጥሩ ከሲዲው ማሸጊያ ጀርባ አለ» የሚባል ነገር ይመጣል። እዚህ ሀገር ሲዲው ያለ ማሸጊያ በላስቲክ ስለሚሸጥ ብዙ ተጫዋች እዚያ ላይ ተገትሮ ቀርቷል። የሬዲዮ ቁጥሩ 140.15 ነው።

ምስሉ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ባለው ኬብል ሰፊ ቲቪ ላይ ይደበዝዛል፤ ጨለማው ክፍል ጭቃ ይመስላል። ኮምፖነንት የሚባለውን ባለ አምስት ራስ ኬብል ካገኙ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። የድሮው ወፍራም ቲቪ ያለው ሰው አይጣለው፤ ለእነዚህ ጌሞች ከብዙ አዲስ ቲቪ ይሻላል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ቲቪው ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካና የጃፓን የምስል ዓይነት) አይቀበልም ማለት ነው፤ የተበላሸ ነገር የለም።

ፕሌይስቴሽን 3

ከ2ኛው ይወደዳል፤ ግን በኤችዲኤምአይ ይሰካል፤ ምስሉ ጥርት ይላል። የሜታል ጊር 2፣ 3 እና ፒስ ዎከር ስብስብ፣ የስፕሊንተር ሴል ሦስቱ፣ የሂትማን ሦስቱ፣ የስላይ ስብስብ፣ ሁሉም በኤችዲ ታድሰው ወጥተውለታል። የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ሁሉም ሞዴል ያነባል፤ የ2ን ሲዲ ግን የመጀመሪያዎቹ ወፍራም ሞዴሎች ብቻ። እነዚያ ሞዴሎች ደግሞ ሞቀው ቢጫ መብራት አሳይተው የሚሞቱት ናቸው፤ ለዚህ ሲባል አይግዟቸው። ከ2009 ወዲህ ያለውን ቀጭኑን ይያዙ።

ጆይስቲኩ፣ ዱዋልሾክ 3፣ የግፊት ልኬቱን ይዟል። ሲያረጅ ሳይነኩት ቁልፍ መጫን ይጀምራል፤ ምክንያቱ ውስጥ ያለው የስፖንጅ ቁራጭ ተጨፍልቆ ስሱ ፕላስቲክ ሰርኪት ቦርዱን በደንብ አለመንካቱ ነው። አምስቱን ብሎን ፈትቶ ስፖንጁ ሥር ቀጭን የታጠፈ ፕላስተር ማስገባት ይበቃል፤ ጠጋኝ «ቦርዱ ሞቷል» ቢል ይህን እንዲያይ ይንገሩት። ፕሌይስቴሽን 4 እዚህ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው አንዱ ምክንያት ጆይስቲኩ ይህን ልኬት ስለተወው ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ

ለቲፍና ለኮማንዶስ ሌላ ምርጫ የለም። በብዛት የሚገኙት ከቢሮ የወጡት ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ናቸው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ከበቂ በላይ ነው፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ያለው ካልሆነ አይሆንም የሚል ሻጭ ስለሌላ ጌም እያወራ ነው። በዚሁ ላፕቶፕ በኢሙሌተር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን እንደ ኮንሶል በሚያሠራ ፕሮግራም፣ የፕሌይስቴሽን 2 ጌም እጫወታለሁ ብለው ግን አያስቡ፤ ሜታል ጊር ሶሊድ 3 ይንተፋተፋል።

ትልቁ ጥቅሙ ባትሪው ነው። በ2006ቱ ሂትማን ብላድ መኒ ሚሽን መሃል ሴቭ ያደረጉት ከጌሙ ሲወጡ ይሰረዛል፤ ሚሽኑ ሳያልቅ መብራት ከሄደ የአንድ ሰዓት ልፋት ገደል ገባ። ላፕቶፕ ይህን ያድናል፣ ባትሪው ካልሞተ። መቶ ሞልተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ 20 ደቂቃ ቪዲዮ ያጫውቱ፤ ከ20 በመቶ በላይ ከወረደ ባትሪው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃም አይዝም፣ ዋጋ ያስቀንሱበት።

ስክሪኑን ጨለማ ፎቶ ከፍተው ክዳኑን ወደ ኋላና ወደ ፊት በማዘንበል ይፈትሹ። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ከተቀየረ ወይም ቀለሙ ከተገለበጠ ለእነዚህ ጌሞች አይመችም፤ አቀማመጥዎን ባስተካከሉ ቁጥር ጥላው ቦታ ይቀይርብዎታል።

ሶፍትዌሩ ላይ የሚገጥሙ ችግሮች የታወቁ ናቸው። ቲፍ ከአንድ በላይ ኮር ባለው ፕሮሰሰር ላይ ሳይነካካ ከተጫነ ይቆማል፤ ለመጀመሪያው ቲፊክስ፣ ለሁለተኛው ቲ2ፊክስ የሚባሉት ማስተካከያዎች ይህንንም ድምፁንም ያስተካክላሉ። የመጀመሪያው ስፕሊንተር ሴል (2002) አዳዲስ ግራፊክስ ላይ ጥላዎቹን በትክክል አይሥልም፤ ተከታዩ ፓንዶራ ቱሞሮው ላይ ደግሞ አንዳንድ መብራት ጭራሽ አይታይም፤ ጨለማ ውስጥ ያሉ መስሎዎት የቆሙት ብርሃን ላይ ነው። ዲጂቩዱ 2 የሚባለው ማገናኛ ለዚህ ነው። ኬዎስ ቲዮሪ ያለዚህ ጣጣ ይሠራል፤ ለጀማሪ እሱን እንመርጣለን። ባለ ገመድና ባለ መንኮራኩር ማውስ አይርሱ፤ በስፕሊንተር ሴል የእርምጃ ፍጥነት የሚስተካከለው በመንኮራኩሯ ነው፤ በላፕቶፑ መዳሰሻ የሚጫወት ሰው ወይ ይሮጣል ወይ ይቆማል።

ጌሞቹን ጂኦጂ የሚባለው የኢንተርኔት መደብር ያለ ኮፒ መከላከያ ይሸጣል፤ አንዴ አውርደው ፍላሽ ላይ ካስቀመጡት ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ መልክ ሊልክልዎት ይችላል።

ስልክ

እጅዎ ላይ ያለ ነው፤ ስለዚህ በጣም ርካሹ። ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባለው ኢሙሌተር የፒኤስፒን (በእጅ የሚያዘውን ፕሌይስቴሽን) ጌሞች ያጫውታል፤ ከእነሱ ውስጥ የ2010ሩ ፒስ ዎከር አጫጭር ሚሽን ስላለው ለስልክ ይመቻል። ሂትማን ብላድ መኒም በ2023 ለስልክ ተዘጋጅቶ ወጥቷል። ችግሩ ጣት ነው፤ መስታወት ላይ አናሎግ በትንሹ ማዘንበል አይቻልም፣ ጣትዎም ራሱ ጠባቂውን ይሸፍነዋል። በኦቲጂ ገመድ የዩኤስቢ ጆይስቲክ ከሰኩበት ግማሹ ችግር ይቀላል። ፀሐይ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ግን አይሞክሩት፤ ጨለማ ጌም በቀን ብርሃን መስታወት ነው፣ የራስዎን ፊት ነው የሚያዩት።

በሰዓት የሚከፈልባቸው ጌም ቤቶች ለዚህ አይሆኑም። ጫጫታ፣ ወረፋ፣ ሴቭዎን የሚያጠፋ ቀጣይ ተጫዋች። አንድን ጌም ከመግዛትዎ በፊት ለመቅመስ ካልሆነ ይለፉት።

| መለኪያ | ፕሌይስቴሽን 2 | ፕሌይስቴሽን 3 | ያገለገለ ላፕቶፕ | ስልክ |
|---|---|---|---|---|
| ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | የጆይስቲክና የገመድ ብቻ |
| ለየትኛው ጌም | ሜታል ጊር 1–3፣ ቴንቹ፣ ስላይ | የታደሱ ስብስቦች፣ ሜታል ጊር 4 | ቲፍ፣ ኮማንዶስ፣ ስፕሊንተር ሴል፣ ሂትማን | ፒስ ዎከር፣ ብላድ መኒ |
| ድምፅ | በቲቪው ቀዳዳ | በቲቪው ቀዳዳ | በራሱ፣ ከሁሉም ጥሩ | በገመድ ጥሩ |
| የቁልፍ ግፊት ልኬት | አለ፣ ኦሪጅናል ከሆነ | አለ | የለም፣ በማውስ ይተካል | የለም |
| መብራት ሲሄድ | ይጠፋል | ይጠፋል | በባትሪ ይቀጥላል | ይቀጥላል |
| ዋና ብልሽት | ሌዘር | ሙቀት | ባትሪ | የእጅ አመቺነት |

አጨዋወትዎ የቱን ይፈልጋል

ሦስት መንገዶች አሉ፤ ማንንም ሳይነኩ ማለፍ፣ ራሱን አስቶ መደበቅ፣ መግደል። መግደል ፈጣን ይመስላል፤ ግን አስከሬን ይተዋል፣ አስከሬን ደግሞ ይገኛል። በመጀመሪያው ስፕሊንተር ሴል ብዙ ሚሽኖች ሦስተኛው ደውል ሲጮህ ያበቃሉ፤ ቲፍ በኤክስፐርት ደረጃ ሰው መግደልን በብዙ ሚሽን ይከለክላል።

ማንንም ሳይነኩ ማለፍ ለቲፍ የተፈጠረ ነው። የውኃ ቀስት ችቦ ያጠፋል፣ የሳር ቀስት የሚጮህ ወለል ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ የገመድ ቀስት እንጨት ላይ ይሰካል። ኤሌክትሪክ መብራት በውኃ ቀስት አይጠፋም፤ ቀስቱን አያባክኑ። ይህ መንገድ ላፕቶፕና ሄድፎን ይፈልጋል፤ በሌላ አይሆንም።

ራስን ማሳት ለሜታል ጊር 2 እና 3 ነው። የማደንዘዣው ጥይት ጭንቅላት ላይ ካረፈ ወዲያው ይጥላል፤ እግር ላይ ካረፈ ጠባቂው ጥቂት ቆይቶ ነው የሚወድቀው፤ እስከዚያ ሊጠራብዎት ይችላል። የተኛው ይነቃል፣ ጓደኛው ካገኘው ደግሞ ቀስቅሶት አብረው ይፈልጉዎታል፤ ስለዚህ ጎትቶ መደበቅ የግድ ነው። እዚህ ግፊት የሚለካ ጆይስቲክ ዋጋውን ያወጣል። በመጀመሪያው ሜታል ጊር ሶሊድ ደግሞ በረዶ ላይ የተዉትን ዱካ ጠባቂው ይከተላል፤ ይህን ወደ ራስዎ ጥቅም ማዞር ይቻላል፣ ዱካ ትተው ዞረው ከኋላው ይምጡ። ግድግዳ ታክከው ሰርክልን ሲነኩ ማንኳኳቱም ያው ነው።

ኮማንዶስ ከላይ የሚታይ ነው፤ የእያንዳንዱን ወታደር የእይታ ክልል ይመርምሩ። ቅርብ ባለው ደማቅ አረንጓዴ ውስጥ ምንም ቢያደርጉ ይታያሉ፤ ራቅ ባለው ጥቁር አረንጓዴ ውስጥ በሆድ ከተሳቡ አይታዩም። ሂትማን ላይ ልብስ ቀይረውም ቢሆን አይሩጡ፤ የሚሮጥ ዩኒፎርም ለባሽ ጠባቂን ያስጠረጥራል።

በኪስዎ ልክ

ገንዘብ በጣም ካጠረ፦ ስልክ፣ ኦቲጂ ገመድና የዩኤስቢ ጆይስቲክ፣ ባለ ገመድ ኢርፎን፣ ፒስ ዎከር። ትንሽ ካለና ቲቪ ቤት ውስጥ ካለ፦ ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ኦሪጅናል ጆይስቲክ፣ ሁለት ዓይነት ሜሞሪ ካርድ። ማሽኑን ርካሽ አድርገው ጆይስቲኩ ላይ ይጨምሩ፤ ሻጩ በነፃ የሚመርቅልዎትን ሁለተኛ ቅጂ ጆይስቲክ ትተው በምትኩ ኮምፖነንት ኬብል ይጠይቁ። መካከለኛ በጀት ላለውና ንጹሕ ምስል ለሚፈልግ ፕሌይስቴሽን 3። ለትምህርት ወይም ለሥራ ላፕቶፕ መግዛትዎ ካልቀረ ግን ኮንሶሉን ይርሱት፤ ቲፍ፣ ኮማንዶስና ኬዎስ ቲዮሪ ለብዙ ወራት ይበቁዎታል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ኮንሶል ለሚገዛ ሰው ስታቢላይዘር ይጨምር፤ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ ይረዳል፣ መብራት ሲሄድ ግን አያድንም፣ ለዚያ ባለ ባትሪው ዩፒኤስ ነው። ሴቭ እያደረገ ሳለ ከጠፋ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ሊበላሽ ስለሚችል ሁልጊዜ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዴ በመጀመሪያው፣ ቀጥሎ በሁለተኛው፣ እያፈራረቁ። የተበላሸ ክፍል መለዋወጫ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይገኛል፤ የፕሌይስቴሽን 2 ሌዘር ሲገዙ ግን የሞዴል ቁጥሩን ከማሽኑ ሥር ጽፈው ይሂዱ፤ የወፍራሙና የቀጭኑ አይለዋወጥም፣ ተመልሶ መቀየር ደግሞ ከሻጩ ጋር ሌላ ጭቅጭቅ ነው።